ኦሞ ላይ ቡና የለቀምኩ ሰው

ትናንት ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ቴሌቪዥኑ የኦሞን ሸለቆ አሳየ። የጥንት ሰው አጥንት የሚወጣበት ያ ኮረብታ ብቅ ሲል «ዝም በሉ፣ ሰፈሬ ነው» አልኩ። አጠገባችን የተቀመጡት የኮሌጅ ልጆች ሳቁብኝ። ይሳቁ፤ ያንን አፈር በእጄ አገላብጬዋለሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ ሀጂ የምንላቸው ነጋዴ መጋዘን ከሴቶቹ ጋር ብልሹውን ፍሬ እያወጣሁ ቡና እለቅማለሁ። በጅማ ከኔ የፈጠነ ለቃሚ አልነበረም፤ አሁንም የለም። አጥንት ፈላጊዎች ወደ ኦሞ ሲያልፉ ሠራተኛ ፈለጉና ዘልዬ ገባሁ። የአደምን አያት ይዤ እንደምመጣ ለመጋዘኑ ሁሉ አወጅኩ።

«አደም አያት የለውም» አሉ ሀጂ። «አንተ ግን ሳምንት ሳይሞላህ ትመለሳለህ።»

እንዲህ ከተባልኩ በኋላማ እንዴት እመለሳለሁ!

ሸቤ ከተማን ስናልፍ አዲስ ቡና በየደጁ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ይገባል። እየወረድን ስንሄድ ግን አየሩ ጋለ፤ ኦሞ ስንደርስ ዳቦ ቤት ምድጃ አጠገብ የቆምን መሰለን።

ሥራው አፈር በወንፊት መንፋት፣ የቀረውን ጠጠር ትሪ ላይ መልቀም ነው። ወላሂ፣ ቡና ማለት ነው! ሌላው ትሪውን ሳያጋምስ እኔ ሌላ አምጡ እላለሁ። ማምሻውን አለቃችን ዶክተሩ መጥተው ትሪዬን አዩ። ነጣ ነጣ ያለው ጠጠር እንደ ኤክስፖርት ቡና አምሮበት ተኝቷል።

«ጥቁሮቹስ?»

«አወጣኋቸው፣ ዶክተር። ጥቁር ፍሬ ጆንያውን ያበላሻል።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። እዚህ አገር አጥንት ድንጋይ ሲሆን እንደሚጠቁር፣ የመጣነውም ለጥቁሩ እንደሆነ ቀስ ብለው ነገሩኝ። በማግስቱ ወደ ጅማ የሚመለስ መኪና እዚያው ቆሟል። መኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሀጂ በር ላይ ቆመው ሲስቁ ታየኝ።

«የት ጣልከው?»

ማሎ፣ ኧረ የቡና ሰው ጥቁሩን መቼ ይጥላል! ለብቻው አከማችቶ በርካሽ ይሸጠዋል። ከኋላዬ ያለውን ጆንያ ጎትቼ ዘረገፍኩላቸው። ተንበርክከው በጣታቸው ሲያገላብጡ ድንገት እጃቸው ቆመ። ጥፍር የምታህል ጥርስ። ወደ ብርሃን አዙረው አዩዋት፣ ደግመው አዩዋት።

«የሰው ዘር ናት» አሉ።

ጩኸቴ የኦሞን አዞ ሳያስደነግጥ አልቀረም። መኪናው ያለ እኔ ሄደ። ሥራው አልቆ ጅማ ስገባ ሀጂ የአደም አያትስ ብለው ጠየቁኝ፤ ጥርሷን አይቼ መጣሁ አልኳቸው።

ትናንት ይህን ስጨርስ ከልጆቹ አንዱ «ታዲያ ጋሼ፣ ያገኟት እርስዎ ነዎት ወይስ ዶክተሩ?» አለኝ።

እኔ ለቀምኳት፣ እሳቸው አወቋት። ያን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ ቆይታ የልጅ ልጇ የኔ እጅ ስትገባ እንደ ብልሹ ቡና ጆንያ ውስጥ ከተትኳት። ዛሬም ቡና ስለቅም ጥቁር ፍሬ ከመጣችብኝ ገልበጥ አድርጌ ሳላይ አላወጣትም። ዘመዴ ብትሆንስ?