አጎት የተገኘላት ሴት

ጅግጅጋ ውስጥ ሰው ሲመታ ቀድሞ የሚጠየቀው የማን ወገን እንደሆነ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ወገን ያለው ሰው ቢጎዳ የሚቆምለት፣ ቢያጠፋ የሚክስለት አለው። በዘጋቢነት በኖርኩባቸው ዓመታት ብዙ ደም በዚህ ጥያቄ ሲደርቅ አይቻለሁ። አስቸጋሪው መልስ የሌለው ሰው ሲመጣ ነው።

እሷ መልስ አልነበራትም። ከወሎ ወጥታ መጀመሪያ በጅቡቲ መንገድ ባለችው አይሻ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ታቀርብ ነበር። ኋላ ጅግጅጋ መጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ አንድ ቡና ቤት ጓሮ ክፍል ያዘች። ቀን ታስተናግዳለች፣ ማታ ወንድ ታስገባለች። ይህን የነገረችኝ ሌላ ሰው ሥራውን ሲነግረኝ በሚጠቀምበት ድምፅ ነው። ባለቡና ቤቱ ከምታገኘው ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ሕጋችን ሴቲቱን አይቀጣም፤ የሚቀጣው በሴቲቱ ገላ የሚተዳደረውን ሰው ነው። እኔ ግን እዚህ ከተማ በዚህ አንቀጽ የተከሰሰ ሰው አይቼ አላውቅም።

የመታት የአንድ ሶማሌ ነጋዴ ልጅ ነው። ጠጥቶ ነበር፤ ውጣልኝ ብትለው በጠርሙስ ፊቷን መታት። ግራ ዓይኗ ጠፋ። ያገኘኋት ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ስለ መድኃኒት እጥረት ልዘግብ ሄጄ አጠገቤ ካለው አልጋ ላይ ሆና ትሰማኝ ነበር። ጥያቄዬን ስጨርስ ጠራችኝ።

“እትዬ፣ ስለ እኔ አትጠይቂም?”

ጠየቅኳት። እየቀለደች ነበር የምትመልሰው፤ ለዚህ ከተማ አንድ ዓይን ይበቃል አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ስትስቅ ግን አፏን እንደ ልጅ በእጇ ትሸፍናለች። ምን እንደምትፈልግ ስጠይቃት ቀልዱን ተወችው።

“ዳኛ ፊት ቆሞ ‘ለምን መታሃት?’ ሲባል መስማት እፈልጋለሁ። የፈለገውን ይመልስ። መጠየቁን ልስማ።”

ከዚያ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

ቃሏን ለፖሊስ ሰጠች። ምስክሮቿ ሁለት ነበሩ፦ ባለቡና ቤቱና አብራት የምታስተናግድ ልጅ። ሁለቱም ልጁን ከክፍሏ ጎትተው ያወጡት ናቸው። ጉዳዩ ግልጽ ነበርና ብዙም አልሰጋሁም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአንድ ዕድር ሊቀመንበር ስልክ ደወሉልኝ። የጥንት ወታደር የልጅ ልጅ ናቸው፤ ጅግጅጋ ተወልደው ጅግጅጋ ያረጁ፣ የተከበሩ ሰው። ለሬዲዮ የሚሆን ጥሩ ዜና አለ፣ በሐበሻና በሶማሌ ወንድሞች መካከል እርቅ ሊወርድ ነው አሉኝ። የሐበሻ ቤትና ሱቅ ከተቃጠለበት ከሐምሌ መጨረሻው ብጥብጥ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ጥላሸቱ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም ነበር። በሁለቱ ወገን መካከል ጠብ ተነሣ ሲባል ብዙ ሰው በሩን ይቆልፍ ነበር፤ እኔም ጭምር። ስለዚህ መቅረጫዬን ይዤ ሄድኩ።

ቦታው፣ ኋላ እንዳወቅኩት፣ የነጋዴው ግቢ ነው። ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፏል። በአንድ በኩል ኦዳዮቹ፣ የልጁ ወገን ሽማግሌዎች፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ በትራቸውን አጠገባቸው ያስተኙ። በሌላ በኩል የእኛ ሰፈር ሰዎች። ለእኔ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጠኝ። ሴት ከእኔ በቀር አልነበረችም፤ እኔም የተገኘሁት ለመቅረጫው ስል ነው። ወተት የበዛበት ሻይ መጣ። ከግቢው ጥግ የታሰረ ፍየል አለ፤ ለእርቁ የሚታረድ መሆኑ ነው። ነገሩ የማን እንደሆነ ያወቅኩት ከሰፈራችን ሰዎች መካከል ባለቡና ቤቱን ሳይ ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ ነበር።

ከኦዳዮቹ ትልቁ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ አንድ ሰው ወደ አማርኛ መለሰው። ልጃችን አጥፍቷል፣ ልንክስ መጥተናል፤ ግን ወገን ከሌለው ሰው ጋር እርቅ አይወርድም፣ የምንክሰው ማንን ነው? አሉ። የዕድሩ ሊቀመንበር ወደ ባለቡና ቤቱ በእጃቸው አመለከቱ።

“አጎቷ ይኸውና። የእናቷ ወንድም ነው።”

ባለቡና ቤቱ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ወሎን በሕይወቱ ረግጦ አያውቅም።

ለትልቁ ኦዳይ ግን ይህ አልበቃቸውም። ልጅቱ የት ናት፣ እሷስ ምን አለች ብለው ጠየቁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ እሷ የጠየቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባለቡና ቤቱም፣ “ቤት ተኝታለች፣ ነገሩን ለእኔ ሰጥታኛለች” አለ። ያን ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ክሱን እንዳልተወች፣ ትናንት ራሷ እንደነገረችኝ፣ ይህ ሰውም አጎቷ እንዳልሆነ ተናገርኩ። የሚተረጉመው ሰው ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር ተመለከተ። አልተረጎመውም።

“እኅቴ፣” አሉኝ ሊቀመንበሩ፣ ሳይቆጡ፤ “አንቺ የተጠራሽው ለዘገባ ነው። በአንዲት ሴት ዓይን ከተማ አናቃጥልም።”

ለክፋት የተናገሩት አይመስለኝም። በብጥብጡ ጊዜ የወንድማቸውን ልጅ ቀብረዋል።

ትልቁ ኦዳይ እኔን ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናግረው በትራቸውን አነሡ፤ ተርጓሚው እንዳለው፣ አጎት አለ ከተባለ አለ፣ ቃሉን ከሚሰጠው ሰው ነው የምንቀበለው ማለታቸው ነበር። ዱዓ ተደረገ፣ የእኛም ሰዎች አሜን አሉ። ካሳው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቡና ቤቱ ተሰጠው። ፍየሉ ታረደ። እኔ ዜናውን አልሠራሁም፤ ሌላ ባልደረባ ሠራው። ዜናው ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል አልነበረም። እሷም አልነበረችም።

ስነግራት ሳቀች። እናቷ አንድ ወንድም ነበራት፤ እሱም በልጅነቱ በኩፍኝ ሞቷል።

“ሞቶ ተነሣ በይኛ!” አለች። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅባት፣ “እናቴ ወንድም ቢኖራት ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?” አለችኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ሥራውን የሚወድ። ቢሮው ይዣት ሄድኩ። እርቅ እንዲህ ያለውን ክስ እንደማያስቀር በደንብ አስረዳን። ነገር ግን ባለቡና ቤቱ ቃሉን ለውጦ ራሷ ሰክራ ጠርሙስ ላይ ወደቀች ብሏል፤ አስተናጋጇም ወደ ኤረር ተሸኝታለች፣ ፖሊስ ሊያገኛት አልቻለም። የሐኪሙ ማስረጃ ዓይኗ መጥፋቱን ያሳያል፣ ማን እንዳጠፋው አያሳይም፣ የእሷ ቃልም ብቻውን አይበቃም አለን። መዝገቡ ተዘጋ። የነጋዴውን ልጅ ዳኛ አልጠየቀውም። ማንም አልጠየቀውም።

ነገሩ እዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

ክፍሉን ልትለቅ ፈለገች። ከመስጊዱ ማዶ ቤት የምታከራይ ሴትዮ መጀመሪያ እሺ አለቻት፤ በማግሥቱ አጎትሽን ላናግረው አለቻት። አንድ ምግብ ቤት ወጥ ለመሥራት ተስማማች፤ ባለቤቱ ከቤተሰብሽ ጋር አታጣዪኝ ብሎ መለሳት። የሰፈሩ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ቆመው “አጎትሽ ደኅና ነው? ዘንድሮ ወሎ ዘነበ ይላል?” እያሉ ይስቁባት ነበር። ስቀውም ግን በዚያው ስም ይጠሩት ጀመር። ስለ ካሳው የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፣ የአጎት ነውና። ከክፍሏ የሚወስደውንም ድርሻ አልተወም።

እኔ ጋ መጥታ ተቀመጠች። ወር ሳይሞላ ባለቡና ቤቱ ሁለት ሽማግሌ ይዞ አከራዬ ዘንድ ሄደ። በትሕትና ነው የጠየቁት፤ ልጃችን ኮብልላ እዚህ ናት፣ በሰላም ስጡን። አከራዬ ደግ ሰው ናቸው፤ የሰው ቤተሰብ ለምን ትደብቂያለሽ ብለው አዘኑብኝ። ሕጉን ነገርኳቸው። እየሰሙኝ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ስጨርስ፣ “እሱስ ልክ ነሽ፣ ግን አጎቷ ነው” አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ያቺ ያልተነካች አንቀጽ ቀርታን ነበር፤ በእሷ ገላ ስለሚተዳደረው ሰው። የሴቶችና የሕፃናትን ጉዳይ የምትይዘው ፖሊስ ሴት ናት። ወንበር ሰጠችን፣ በሩን ዘጋች፣ አላቋረጠችንም። እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚያቀርብ ጠፍቶ እንጂ ሕጉስ አለ ብላ መጻፍ ጀመረች። ደስ አለኝ። ከዚያ ሰውየው ምንሽ ነው ብላ ጠየቀቻት።

“ምኔም አይደለም።”

ጥግ ላይ ሌላ ፖሊስ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ቀና አለ።

“እንዴ፣ አጎትሽ አይደለም እንዴ? የእርቁ ቀን እኮ ግቢውን ስጠብቅ ነበር። እዚያው በልቻለሁ።”

ፖሊሷ እኔን አየችኝ። ውሸት ነው አልኩ፤ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ነው አለች፣ ማንን ጠርቼ ነው ሐሰት የማደርገው? እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። የጻፈችውን ግን አልቀደደችም፤ መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።

“የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ እኛ ብንገባ ይብስባችኋል፣ እናቴ። ሽማግሌ ላኪበት።”

“ማንን?” አለች እሷ።

የሚላከው ሽማግሌ ከወገን ነው፤ ወገኗ ደግሞ እሱ ነው። ፖሊሷ ተነሥታ በሩን ከፈተችልን።

ውጭ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። ነጠላዋን በጠፋው ዓይኗ በኩል ሳብ አደረገችና መንገዱ ዳር ቆመች። አይሻ ልመለስ ብል እዚያስ የማን ነሽ አይሉኝም? አለች፣ እኔን ሳታይ። እኔ ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ቢሮ፣ ሐረር ያለች አንዲት ጠበቃ እያልኩ እዘረዝርላት ነበር። ባጃጅ መጥቶ ቆመ። ወዴት ነው ሲለን፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ የቡና ቤቱን ሰፈር ነገረችው።