ካዛንቺስ ላይ ፈረስ ያስያዙኝ እናት

ባለፈው ሰሞን ነው፤ ካዛንቺስ ካለው ቢሯችን ለምሳ ስንወጣ አንድ እድሜያቸው የገፋ እናት በፈረስ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ። ቀስ ብለው ወረዱና ልጓሙን እጄ ላይ አኖሩት።

«እስቲ ያዥልኝ ልጄ፣ እግሬን ላፍታታ። ከወረኢሉ ድረስ በፈረስ ነው የመጣሁት።»

«ምነው በመኪና አይመጡም ነበር?»

«መኪና አይስማማኝም፤ ከተሳፈርኩ ሲያስመልሰኝ ነው የሚውለው።»

እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ ፈረሱ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ፋንድያውን ዘረገፈው። የቢሮ ጓደኞቼ እየሳቁ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹኝ ጀመር። በቃ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ፣ ልጓም ይዤ፣ መግቢያ አጣሁ። ዘበኛው እየተቆጣ መጣ።

«የማን ፈረስ ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ሴትዮዋን አላውቃቸውም» አልኩና ልጓሙን ለቀቅኩት።

ሰምተውኛል። ፈረሳቸውን ያዙና ጎንበስ ብለው ፋንድያውን በእጃቸው እየዛቁ ባዶ ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱት። ላግዛቸው ፈልጌ ነበር፤ ስልኮቹ አሁንም እኔ ላይ ስለነበሩ ንቅንቅ ማለት አቃተኝ።

ሲጨርሱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ ዘበኛው ዞሩ።

«ይቅርታ ልጄ፣ አስቸገርኩህ። ሐና የምትባል ልጅ እዚህ ትሠራለች ብለውኝ ነው። ልጄ ሊያገባት ነው፤ ከሰርጉ በፊት ዓይኗን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ዘበኛው ቀና ብሎ አየኝ። ሐና እኔ ነኝ።