አላህ ብሎ የሞተው ክርስቲያን

ጠኑስ ጎኑን የወጋውን ፍላጻ ሊነቅል ሲታገል «ያ አላህ!» ብሎ ጮኸ። በሶርያ ክርስቲያን ሁሉ፣ ቄሱም ሳይቀር፣ እግዚአብሔርን በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። ኤምሪ የተባለው የመስቀል ጦር ፈረሰኛ መነኩሴ ግን ከፈረንሳይ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ከሙስሊሞቹ ጋር ሲዋጋ ድምፁን ሰማ፤ ፈረሱን አዞረና የገዛ ወገኑን አንገት ቀላው።

የጠኑስ ታላቅ ወንድም ሰሊባ ሲደርስ የሟቹ ደም ገና ይፈስ ነበር። ሰሊባ ጢም ሳያበቅል ጀምሮ ለእነዚህ ነጭ ካባ ለባሾች ያደረ ቀስተኛ ነው፤ ስንት ሙስሊም እንደጣለ ራሱም አያውቀውም።

«ጣዖቱን ጠራ» አለ ኤምሪ፣ ሰይፉን በሟቹ ቀሚስ እየጠረገ። «ምን ላድርግ? ልሳመው?»

«አንገቱ ላይ መስቀሉን አላየህም?»

«አንገት የት አለው ደግሞ!»

ጓደኞቹ ሳቁ።

ክርስቲያን የገደለ መነኩሴ ካባውን ተገፎ ይባረራል፤ የማኅበሩ ሕግ ነው። ምሽጉ ደግሞ ፈረሰኛ አጥሮታል። አለቃው ሬኖ በዚያ አገር ያረጀ ሰው ነው፤ እውነቱ አልጠፋውም። ሲፈርድ ግን ሰሊባን ቀና ብሎ አላየውም።

«ሟቹ እስላም ነበር። ከግንብ ውጭ ጣሉት።»

ሰሊባ በጠራራ ፀሐይ ሬሳውን ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ቆፈረ። ራሱን ከአንገቱ አገጣጥሞ አስተኛውና አፈር መለሰበት። ኤምሪ መጥቶ መቃብሩ ላይ ቆመ።

«አውጣው! ጅብ የሚበላውን እዚህ ትቀብራለህ?»

ሰሊባ አካፋውን ኤምሪ አፍ ላይ አሳረፈው። ጥርሱ ረገፈ፤ መንጋጋው ተሰበረ። ሳይደግመው ያዙት።

ፈረንጅ የመታ ሙስሊም ቀኝ እጁ ይቆረጣል። ሬኖ አንዴ ወንድሙን እስላም ብሎታልና በሰሊባም ላይ በዚያው ሕግ ፈረደ። ቀስተኛውን ማጣት ግን አሳሳው።

«ስማኝ ሰሊባ። ሬሳውን አውጥተህ ጣል፤ እጅህን እምርልሃለሁ።»

«ባልጥለውስ፣ ጌታዬ?»

«እጅህ ይሄዳል።»

«እሱስ? ነገ አውጥታችሁ ልትጥሉት?»

ሬኖ «አይነካም» አለ።

«በመስቀሉ ማልልኝ።»

አለቃው ካባው ላይ ያለውን ቀይ መስቀል ይዞ ማለ። ሰሊባ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሥጋ በሚከተፍበት ግንድ ላይ አጋደመ።

«በል፣ ቶሎ በል» አለው ምሳር የያዘውን።

ምሳሩ ዶልዱሞ ኖሮ አጥንቱ በሦስተኛው ምት ተለየ።