የቅቤ ነጋዴዋ ፎቶ

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ፒያሳ፣ አያ ሰዒድ በሚባሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ መደብ ቀለም ቀባሁ፣ ክር ወጥሬ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ከሰዓት በኋላ «የወንዶች ልብስ ስፌት» ብዬ ስጽፍ ቦታ አልቆብኝ «ስፌ» ላይ ቆምኩ። አያ ሰዒድ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ነገ መጀመሪያ ፊደሉን ቁጠር» አሉኝና ሰሌዳውን እንደገና አስቀቡኝ።

ከቀለም ቀቢነት ወደ ጸሐፊነት ለማደግ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኜም በየገበያው ማስታወቂያ እናገር ነበር።

ዘመናዊ ስልክ ሲበዛ ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሸሹ። አንድ የሆቴል ባለቤት ሰሌዳውን ላድስለት ብጠይቀው «ከእንግዲህ ቀና ብሎ የሚያነብ ሰው የለም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ስልኩን ነው የሚያየው» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔም ስልክ ገዝቼ በማኅበራዊ ሚዲያ የማስታወቂያ ገጽ ከፈትኩ። በሞንታርቦ ስጮህ ስንት ሰው እንደሰማኝ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ስንት ሰው እንዳየው ስልኩ ራሱ ይነግረኛል። ያ ቁጥር ልቤን ወሰደው።

አንድ ቀን የቆዳ ቅባት የሚሸጥ ነጋዴ መጣ።

«የዳነ ሰው ፎቶ ካልገባበት ማን ያምናል?» አለ።

«የዳነ ሰው አለህ?» አልኩት።

«እሱን አንተ ፈልግ። ሥራህ አይደል?»

ስልኬ ውስጥ የጥሩዬ ፎቶ ነበር። ጥሩዬ ኮላ ድባ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ማስታወቂያ ስናገር እየሳቀች ስታዳምጠኝ ከዓመት በፊት አንስቻት ነበር። «ምን ያደርግልዎታል?» ስትለኝ «ለማስታወሻ ነው» ብያት ነበር። ያን ፎቶ ለጠፍኩና ከሥሩ «ለዓመታት ካሠቃያት የቆዳ በሽታ ተፈወሰች» ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ብዙ ሰው ያየልኝ ማስታወቂያ አልነበረም። ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥሩዬ የጎረቤቷን ስልክ ይዛ ሱቄ ደጃፍ ቆመች።

«አያ ታደሰ፣ ይህች እኔ ነኝ?»

«ነሽ።»

«ምነው? ምን በደልሁዎ? ቅቤዬን የሚቀምስ ጠፋ። ክንዴን ገልጬ አሳየኋቸው። ‹ድና ነዋ!› አሉኝ።»

ማስታወቂያውን እዚያው ፊቷ አጠፋሁት። አመሰገነችኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ሰዉ ግን ቀድሞ በየስልኩ ተቀባብሎት ኖሯል። ያን ዕለት ማታ በማላውቃቸው ሁለት ገጾች ላይ አገኘሁት። እነሱን ማጥፋት አልችልም።

በገበያው ቀን ሞንታርቦዬን ጭኜ ኮላ ድባ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ «እኔ ታደሰ ዋሽቻለሁ» ማለትን ስለማመድ ነበር። ገበያው መሃል ስደርስ ሰዉ ዞሮ አየኝ። ከአፌ የወጣው ግን «በቅባቱ ማስታወቂያ ላይ የቅቤ ነጋዴዋ ፎቶ በስህተት የገባ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ሆነ። የማን ስህተት እንደሆነ አልተናገርኩም። ማስታወቂያውን ያላዩት «የትኛዋ ናት?» ተባባሉ። ያዩት በጣታቸው አሳዩዋቸው።

ጥሩዬ ቅቤዋን ሸፍና ተነሣች። በአጠገቤ ስታልፍ «ሸጋ ነው፤ አሁን ያልሰማ የለም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ገበያውን ትታ ሳንጃ እኅቷ ዘንድ ሄደች፤ ሰሊጥ ታበጥራለች ሲሉ ሰማሁ። ሳንጃ ለሥራ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንድም ቀን ፈልጌያት አላውቅም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ የሰው ፎቶ ባለቤቱ ላልፈቀደው ነገር አታውሉ። ካጠፋችሁም «ስህተት ተፈጥሯል» አትበሉ፤ «እኔ ነኝ» በሉ። እኔ አላልኩም።