ቮልሷን ስንገፋ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከጎረቤቴ ከኢፍቱ ግቢ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀጭ»፣ ከዚያ ዝም። ኢፍቱ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት። እንደ ዘንድሮ ወጣቶች አሮጌ ቮልስ ገዝታ፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ቀለም አስቀብታ፣ በአዳማ መንገድ ከባጃጅ ጋር ስትጋፋ ሳያት ደስ ትለኛለች። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ብሄድ መሪዋን ይዛ ተክዛለች፣ በተከፈተው በር ደግሞ ከፔዳሎቹ ሥር የጋለ ግሪስ ሽታ ይወጣል።

«ጋራዥ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ሞቷል አሉኝ እኮ፣ እትዬ። አዲስ ካልገዛሽ አይሆንም ነው የሚሉኝ።»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። አፉ የኔ ይሁን እንጂ ንግግሩ የእናቴ ነበር።

እናቴ ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። አባቴ ሲያርፍ ዛሬም ከምኖርበት ከዚህ ቤትና ከእኛ ከልጆቹ ሌላ የተወላት አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረች፣ ቮልሷም በቁልፍ አልነሳም ከማለቷ በቀር እንከን አልነበራትም። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ትላለች፣ ትተኛለች። ያ «ቀጭ» የሰፈራችን ደወል ነበር ማለት ይቻላል። ከፊት ለፊታችን ከነበረው ወፍጮ ቤት ኦቦ ገመዳ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው፣ «አካም ቡልታኒ፣ ሲስተር! ዛሬም እምቢ አለች?» እያሉ ብቅ ይላሉ፤ ደጅ የሚጠርጉ ሴቶች መጥረጊያቸውን ይጥላሉ፤ እኛም የትምህርት ቤት ቦርሳችንን እንዳነገትን ከኋላ እንለጠፋለን። እናቴ ፍሪሲዮን ረግጣ ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለች፣ ኦቦ ገመዳ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ብለው ይቆጥራሉ፣ ቮልሷ ትንሽ ትንገዳገድና እያጓራች ስትፈተለክ የናዝሬትን አቧራ ለእኛ ትታልን ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ገፊው ሁሉ ሐኪም ነው፤ አንዱ ባትሪ ነው ሲል ሌላው ካርቦን ነው ይላል፣ ቡዳ ነው የሚሉ አሮጊትም አልጠፉም ነበር።

አንድ ቀን ይህንን ትርኢት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታፈሰ ከአዲስ አበባ መጥተው አዩት፣ አፈሩም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወንድማቸው ሚስት በየጠዋቱ በሰው ትከሻ መነሳቷ ነው ያንገበገባቸው።

«ይህቺ መኪና አይደለችም፣ ቃሬዛ ናት። ትሸጥ። አንቺ እዚያው ሥራሽ አጠገብ ቤት ተከራዪ፣ ልጆቹን እኔ እወስዳለሁ» አሉ።

እናቴ የምትሠራው ወለንጪቲ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ማታ ማታ ወደ እኛ የምትመልሳት ያቺ ቮልስ ናት። ቮልሷ ሄደች ማለት እኛም ሄድን ማለት ነበር። እናቴ ግን ለታላቅ ሰው ድምፅዋን የምታነሳ አልነበረችምና፣ «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉ። እሁድ ጠዋት ገዢ ይዘው ይምጡ፤ በቁልፍ ካልተነሳች ይውሰዳት» ብላ ቅዳሜን ለራሷ አስቀረች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቮልሷን እንደ በሽተኛ መረመረቻት። መጀመሪያ መብራቱን አብርታ ቁልፉን አዞረች፤ «ቀጭ» ሲል መብራቱ ቅንጣት አልደበዘዘም። ባትሪው ደክሞ ቢሆን መብራቱም አብሮ ይደክም ነበርና ባትሪውን ማረችው። ሞተሪኖውም ቢሆን ጋራዥ ወስደው በፈቱት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ እንደ ጉድ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ላይ ሲመለስ ነው ዝም የሚለው። «ሆስፒታል እየዳነ ቤቱ ሲገባ የሚታመም ሰው፣ በሽታው ቤቱ ነው» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ፔዳሎቹ አስጠጋች። ግሪስ ይሸታል። እጇን ብትሰድ ቀጭኑ የፍሪሲዮን ገመድ የወባ በሽተኛ ግንባር መስሎ ግሏል።

የዚህ ገመድ ሥራ ፍሪሲዮን መሳብ ብቻ ነው፤ እንዲህ የሚያግለው ኤሌክትሪክ ምን አመጣበት? ሞተሪኖው የወሰደውን ኃይል ወደ ባትሪው የሚመልሰው፣ ሞተሪኖው የተሰካበትን የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ገመድ አለ። እሱ ከተቆረጠ ኃይሉ፣ ዋናው ቦይ እንደተደፈነበት ጎርፍ፣ በጓሮ በኩል፣ በፍሪሲዮኑ ገመድ መንገድ ይፈልጋል። ሥር ገብታ አየችው፤ ገመዱ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ፣ ተበልቶ፣ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ማን እንዳስበላው ሁላችንም ወዲያው ገባን። አባቴ በዓል በመጣ ቁጥር ላንጋኖ ይወስደንና እንደ ሰዉ ሁሉ ቮልሷን የኋሊት ወደ ዳርቻው አስገብቶ፣ በዚያ ሶዳ በበዛበት ቀይ ውኃ ሆዷን ሳይቀር እየዘፈነ ያጥባት ነበር። እናቴ እዚያው መኪናዋ ሥር እንደተጋደመች ሳቀች፣ ሳቁም ወደ ልቅሶ ሄደ። «አይ የኔ ጌታ፣ በፍቅር ጨረስካት!» አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ መጀመሪያ የሰማኋት ያኔ ነው፣ እኔም ጎማውን ተደግፌ አለቀስኩ።

በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ፈግፍጋ ሌላ ገመድ አሰረችበት። እሁድ ጠዋት ጋሼ ታፈሰ ገዢያቸውን ይዘው ቆሙ፣ ሰፈሩም እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። እናቴ ቁልፉን አዞረች፤ ቮልሷ «ቀጭ» እንኳ ሳትል ተነሳች። ጋሼ ታፈሰ ሞተሩን ትንሽ አዳመጡና ገዢውን በእጃቸው አሰናበቱት። «ልጆችሽን አሳድጊ» ብለው ግንባሯን ሳሟት። ኦቦ ገመዳ ግን ለመግፋት የተዘጋጁ እጆቻቸው አየር ላይ ቀርተው፣ «እኛን ጡረታ አወጡን ማለት ነው፣ ሲስተር?» አሉ። ቀልድ ነበር፣ ፊታቸው ግን አልሳቀም።

እናቴ ይህ አላመለጣትም። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ እሁድ ጠዋት ደህናዋ ቮልስ ውስጥ ገብታ፣ ቁልፉን በግማሽ ብቻ አዙራ፣ «እምቢ አለች፣ ኦቦ ገመዳ!» ትላለች። ዱቄት የለበሱት ይወጣሉ፣ መጥረጊያው ይወድቃል፣ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ!» ይባላል። እኛ እናውቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው እነሱም ያውቁ ነበር።

የኢፍቱ ቮልስ ሥር ገብቼ ሳይ ቢጫው ቀለም ያ ጠፍጣፋ ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ ሳይቀር ለብሶታል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። «በፍቅር ጨረስሻት» ብያት ፋቅኩት፣ አሰርኩት፣ መኪናዋም በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ኢፍቱ አቅፋ ስትስመኝ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ መንገዱን አየሁ። ያ «ቀጭ» ሁለቴ ተሰምቶ ከእኔ በቀር አንድ ሰው አልወጣም ነበር። ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ሆኗል፣ የብረት በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

«እሁድ ጠዋት ቁልፉን እንዳታዞሪው» አልኳት።

«ለምን፣ እትዬ? ተሠራች አይደል?»

«ተሠርታለች። እኔ በየበሩ እያንኳኳሁ ገፊ እስካመጣ ጠብቂኝ።»