ጋሽ ሰይድ የቆለፉት ሂተር

ባለፈው ሳምንት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሂተር ሳበራ ያ ሽታ መጣ። በጋውን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ተኝቶ የከረመ አቧራ እሳት ሲነካው የሚሸተው ነገር አለ አይደል፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሁን የጋለ ብረት በውል አይለይም። ባሌ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሊከፍት ሮጠ። እኔ ግን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሽታውን እንደ ሽቶ ሳብኩት። ጋሽ ሰይድ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቤት በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን ሽታ የሸተትነው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

እኔና እናቴ በዲቪ አትላንታ ስንገባ ጥርሴ ገና እየተነቀለ የሚበቅል ልጅ ነበርኩ። ሰው በሰው ተጠያይቀን ስቶን ማውንቴን በሚባል ሰፈር የጋሽ ሰይድን ቤዝመንት፣ የቤታቸውን ምድር ቤት፣ ተከራየን። ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው ታክሲ መንዳት ነው። ቁመታቸው ረጅም ከመሆኑ የተነሳ መኪናቸው ውስጥ የሚገቡት እንደ ሰንጢ ታጥፈው ነበር። ሲወርዱም ከእግራቸው ጀምረው እስኪዘረጉ ድረስ ተሳፋሪው ሻንጣውን ራሱ አውርዶ ይጨርሳል።

የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሂተሩ ማብሪያና መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱ፣ አለ። ጋሽ ሰይድ በላዩ ላይ ቁልፍ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ገጥመውበታል። የሳጥኑ ቁልፍ ከታክሲው ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ታስሯል። እንግዲህ ሙቀታችን ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ይውል ነበር ማለት ነው። ማታም ቢሆን ቁልፉ ከጌታው ጋር ደክሞት ይገባና ይተኛል እንጂ ሳጥኑ አይከፈትም። አትላንታ ብርድ የላትም የሚል ሰው እኛ ቤዝመንት አላደረም። ወተት ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጠው እንዲሞቀው ነበር ብላችሁ ግማሹን እመኑኝ። እናቴ በሁለት ካልሲና በነጠላ ተጠቅልላ ስትተኛ ከሩቅ ለሚያያት ለመላክ የተዘጋጀች ዕቃ ትመስል ነበር።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ይሄም ብርድ ሆኖ ነው?» ይሉኛል ጋሽ ሰይድ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ካዩ። «ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ብትወለጂ ኖሮ ይሄንን ሙቀት ትይው ነበር።»

ቁጠባቸው በሂተር አያበቃም። ሻይ ቅጠል ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ሦስተኛው ላይ ሻይነቱ የሚታወቀው በስኳሩ ነው፣ ስኳሩም የሚታወቀው በወሬ ነው። ፌስታል ታጥቦ ጋራዥ ውስጥ ገመድ ላይ ይሰጣል። በገና ሰሞን የፊት ለፊቱ አሜሪካዊ ጎረቤት ቤቱን በመብራት ሲያንቆጠቁጥ ጋሽ ሰይድ መጋረጃውን ወለል አድርገው ይከፍቱና የሳሎኑን አምፖል ያጠፋሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሰውዬው የገና መብራት፣ ፊታችን አንዴ ቀይ አንዴ አረንጓዴ እየሆነ፣ እራታችንን እንበላለን። የስልክ ካርድማ አታንሱት። የወሎ ሰላምታ ብቻውን አንድ ካርድ ይጨርሳል፤ ጋሽ ሰይድ ግን ደሴ ሲደውሉ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ፣ እኛም ደህና ነን» ብለው የሁለቱንም ወገን ሰላምታ ለብቻቸው ይጨርሱት ነበር።

ይህ ሁሉ ምን ሆኖ ነው? ያኔ የአበሻው ሁሉ ግምት ጋሽ ሰይድ ቤቱን በካሽ ገዝተውታል የሚል ነበር። ትልቅ እቁብ ወጥቶላቸው ነው ይባላል። እሳቸውም አዎ አይሉም፣ አይደለም አይሉም፣ ጢማቸውን ይደባብሳሉ። እውነቱን የምናውቀው እሳቸው፣ ሚስታቸው፣ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴና እኔ የሰማነው ተነግሮን አይደለም። ሙቀት የማይወርድበት የሂተር ቱቦ ወሬ ግን አጥርቶ ያወርድ ነበር።

ቤቱ የተገዛው በሞርጌጅ፣ በባንክ የቤት ብድር፣ በወለድ ነው። ወለድ ደግሞ በእምነታቸው ሐራም ነው። የአፓርታማ ኪራይ አንገሽግሿቸው አንድ ቀን ፈረሙ፤ ከፈረሙ በኋላ ግን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ስለዚህ ረጅሙን የብድር ዘመን ሊያሳጥሩት ማሉ። በየወሩ ከሚጠየቁት በላይ፣ ከሻዩም ከፌስታሉም ከሂተሩም የተረፈውን ደምረው፣ ሌላ ቼክ ለባንኩ ይልካሉ። «ከወለድ ሳልወጣ ብሞት ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ሲሉ በቱቦው ሰምቻቸዋለሁ። ቀን በእኛ ብርድ እንደዚያ የሚቀልዱት ሰውዬ፣ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

የዚህን ሁሉ ዕዳ በሰውነታቸው የሚከፍሉት ግን ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራሉ። ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ከጋራዥ ሽያጭ የተገዛ የደረቀ ደም የመሰለ ቀይ ካፖርት ነበራቸው፤ እሱን ቤት ውስጥ አያወልቁትም። ወጥ ሲሠሩ በካፖርት፣ ሲሰግዱ በካፖርት፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ በካፖርት። የቀኝ እጅጌው ጫፍ ምድጃ ነክቶት ተለብልቧል። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚውል እጃቸው ቤት ሲገባ ብርዱ ይቀበለዋል፤ ጣቶቻቸው አብጠው መታጠፍ እምቢ ይሉ ጀመር። አንድ ጠዋት የካፖርታቸውን ቁልፍ እንድቆልፍላቸው ቤዝመንት ድረስ ወረዱ። እየቀለዱ ነበር የመሰለኝ፤ ከዚያ እጃቸውን አየሁት።

በሁለተኛው ዊንተር፣ ብርዱ በጸናበት ወር፣ ቱቦው እንዲህ ሲል ሰማን፦

«ቤቱን ከወለድ አወጣለሁ እያልክ እኔን ከቤቱ እያስወጣኸኝ ነው።»

«አብሽሪ ዘይነባ፣ ትንሽ ነው የቀረን።»

«ትንሽ ትንሽ እያልክ እጄ ማንኪያ መያዝ አቃተው፣ አንተ ሰውዬ!»

በማግስቱ እትዬ ዘይነባ አንድ ሻንጣና ካፖርታቸውን ይዘው ሳንዲ ስፕሪንግስ እህታቸው አፓርታማ ገቡ። እዚያ ሙቀቱ ከኪራዩ ጋር ነው የሚመጣው። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ቆመው መኪናው መንገዱን እስኪታጠፍ አዩ። ሂተሩን ያበሩታል ብለን ጠበቅን። ጭራሽ ቤቱ ከላዩ ላይ ብርድ ልብስ የተገፈፈ ይመስል ብርዱ ባሰበት። ያቺ ሦስት ጊዜ የምትፈላ ሻይ እንኳን ቀረች። ሥጋችን ስለማይገናኝ እናቴ ምስር ወጥ ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የሚገዙት ቤት ነው ወይስ ፍሪጅ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁላት ነበር። «አንዴ ከጨረስኩ ትመለሳለች» አሉ፤ ምስሩን እያዩ።

ከዚያ በኋላ ነው ታከር በሚባል ሰፈር የሚኖሩት፣ እንደ ጋሽ ሰይድ ታክሲ ነጂ የነበሩት የጋሽ አብዱ ድንገተኛ ሞት የተሰማው። ለቅሶ ቤት ሄድን። ሴቶቹ ሳሎን ፍራሽ ላይ፣ ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ በሚታጠፍ ወንበር፣ በመሀል ያለው በር ክፍት። እኔ በሩ ሥር እናቴ ጉልበት ላይ ነበርኩ። እትዬ ዘይነባም መጥተዋል፤ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከሟች ሚስት አጠገብ ተቀምጠዋል። ባልና ሚስት በበሩ በኩል ይተያያሉ፣ አይነጋገሩም።

ለሟች ሚስት ገንዘብ ሲዋጣ ወንድሟ ተነሳና፣ ቤቱ የባንክ ብድር እንዳለበት፣ የወሩም ክፍያ እንደደረሰ ተናገረ። ከወደ ኋላ አንዱ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት «በወለድ ነበር እንዴ? እኛ እኮ በካሽ ነው ስንል...» አለና ከንፈሩን መጠጠ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ፍራሹ ላይ ያለችው ሴትዮ ሰማች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏን ቀብራ ሳታበቃ ልታፍርበት ነው።

ያኔ ጋሽ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሱ። የእሳቸው መነሳት ጊዜ እንደሚወስድ ነግሬያችኋለሁ፤ ተዘርግተው እስኪያልቁ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

«እኔም በወለድ ነው የገዛሁት» አሉ። «ደብቄያችሁ ነው። አብዱን የምትሉትን እኔንም በሉኝ።»

የሚታጠፈው ወንበር ሁሉ ሲጢጥ አለ። ከዚያ አንዱ ከጥግ «እኔም» አለ። ሌላው መሬት መሬት እያየ «ኧረ እኔም» አለ። ቀጠለ፤ እኔም፣ እኔም። የጋራዡ በር ራሱ አፍ አውጥቶ «እኔም» ሊል ምንም አልቀረው። ከንፈሩን የመጠጠው ሰውዬ ከሁሉም መጨረሻ ላይ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔም» አለ።

ከማል የሚባል ወጣት ሾፌር ወደ ጋሽ ሰይድ ጠጋ አለ። «ቶሎ ለመውጣት ትርፍ እየላኩ ነው?»

«በየወሩ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ቼኩ ላይ ‹ለፕሪንሲፓል›፣ ለዋናው ብድር፣ ብለው ይጽፋሉ አይደል?»

«ስሜን እጽፋለሁ። ትርፍ የላከ ሰው ዋናውን ሊቀንስ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው?»

ከማል ፊቱ ተለወጠ። «ጋሽ ሰይድ፣ ካልጻፉበት የሚመጡት ወራት ክፍያ ነው ብለው ያስቀምጡታል እኮ። ዋናው ብድር አይነካም። ወለዱ በሙሉው ላይ ነው የሚቆጠረው። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ ተሸውጄ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ማንን ልንገር? ሁላችሁም በካሽ ገዝታችሁ!»

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለው። ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለት ዊንተር ሙሉ የታጠበው ፌስታል፣ የጠፋው አምፖል፣ የተዋጠው ሰላምታ፣ ያበጠው ጣት፣ ሁሉም አንድ ላይ ፊታቸው ላይ ሲደርስ አየሁት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲሚንቶውን ያያሉ። እትዬ ዘይነባ ከፍራሹ ተነስተው ወንዶቹ መሀል ገቡ። እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ፊታቸው ቆመው የማይታጠፍ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰይዶ፣ ቁልፉን አምጣ።»

ጋሽ ሰይድ ትንሿን ቁልፍ ከታክሲው ቁልፍ ለመለየት ከቀለበቱ ጋር ታገሉ። አወጧትና ሰጧቸው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ሳጥኑን ከፈቱ። ከቤቱ ሆድ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ከዚያ ያ ሽታ መጣ፣ የሁለት ዓመት አቧራ ባንድ ጊዜ ሲቃጠል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሰፈሩን እስኪቀሰቅስ ጮኸ። እናቴ ፎጣ እያራገበች ትስቃለች፣ እኔ በደስታ እዘላለሁ። ጋሽ ሰይድ ወለሉ ላይ ያለው የሙቀት ማስተንፈሻ አጠገብ ተንበርክከው መዳፋቸውን ዘርግተውበት ነበር። አልሳቁም። እትዬ ዘይነባም ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ሞቆ እኛ በካናቴራ ስንቀር ካፖርታቸውን አላወለቁም። በማግስቱም አላወለቁም። ያን ዊንተር ሙሉ፣ ሂተሩ እየነደደ፣ ጋሽ ሰይድ በየምሽቱ ከሥራ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ካፖርቱን ነበር።

ቼኮቹ ላይ መጻፍ ጀመሩ። የተቀመጠውንም ገንዘብ ከባንኩ ጋር ተከራክረው የቻሉትን ያህል ወደ ዋናው አዞሩት። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እኛ የራሳችን አፓርታማ ገብተን፣ አንድ ቀን ስልክ ደወሉ። እናቴን ጤናዋን፣ ሥራዋን፣ እኔን፣ ትምህርቴን፣ ጉልበቷን፣ አገር ቤት ያለችውን አክስቴን፣ የአክስቴን ልጆች በየስማቸው ጠየቁ። አንድም ሰላምታ አልዘለሉም። እናቴ ስልኩን ይዛ ግራ ገብቷት «ምን ሆነው ነው ጋሽ ሰይድ?» ስትላቸው፣ «ወጣሁ» አሉ። ቤቱ ከብድር ነፃ ሆኗል ማለታቸው ነው። ቀጥለው ግን «የዘይነባ ጣት ግን እንደዚያው ነው» አሉ። ዛሬ ሁለቱም የሉም።

እኔም ሞርጌጅ አለብኝ። በየወሩ ትርፍ እልካለሁ፤ «ለፕሪንሲፓል» የሚለውን ሳልመርጥ የላክሁበት ወር የለም። ይህን ያወረሱኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ባለፈው ሳምንትም ስለ ሂተሩ «ገና ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይ» ስል ነበር የሰነበትኩት። ከዚያ ሳሎን ስገባ ልጄ ሶፋው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«ማሚ፣ ላይክ፣ ኖርማል ሰው እስካሁን ሂተር ኦን አድርጓል እኮ» አለች ቀና ሳትል።

ካፖርት ለብሳ ነበር።

ሄጄ አበራሁት። ሽታው መጣ፣ ባሌ መስኮት ከፈተ፣ ዘጋ። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልጄን እንደማላያት ሆኜ፣ ካፖርቷን እስክታወልቅ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።