ወደ ክምሩ የተመለሱት ፍሬዎች

ያሰሩኝ ቡና ሳስረክብበት በኖርኩት መጋዘን ነው። ከምርጫው በኋላ የቴፒ ፖሊስ ጣቢያ በሰው ሲሞላ፣ ባዶውን የከረመውን መጋዘን እስር ቤት አደረጉት። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጆንያና የሻገተ ቡና ሽታ ነበር። ስንቴ ተጨባብጬ በወጣሁበት በር ተገፍትሬ መግባቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሣቄን አመጣው። ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ዶክተሩን ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋር አመጡት። የፊዚክስ ተመራማሪ ነው፤ ጨረር የሚለካ ሳጥን መሳይ መሣሪያ በገዛ እጁ ሠርቶ በሽማግሌው የቡና መሬት ላይ ሲሞክር ተያዘ። መሣሪያው ጨረር ባገኘ ቁጥር ጠቅ ይላል። ይህን የሰማ ሰው ሄዶ “የሬዲዮ መልእክት እየላከ ነው” ብሎ ጠቆመ። ሌላው ሰው ሲታሰር ስለ ቤቱ ይጨነቃል፤ ይህ ሰውዬ ግን “ሳጥኑን ዝናብ እንዳይነካው” እያለ ነበር የገባው። ቅብጥብጥ መሰለኝ፤ አልወደድኩትም።

ከወለሉ ስንጥቅ አንድ ፍሬ አወጣሁ፤ ገለባውን ልጬ ነከስኩት።

“ይሄ ሳይደርቅ የገባ ነው” አልኩ ለራሴ።

ዶክተሩ ተንፏቆ መጣ። “በምን አወቅህ?”

“የደረቀ ቡና ሲነክሱት ኮሽ ይላል። እርጥቡ ጥርስ ያስገባል።”

አንድ ፍሬ ተቀብሎኝ ነከሰና እንደ ልጅ ተደሰተ። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን።

ሽማግሌው አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። አማርኛቸው ጥቂት ነው።

“ዶክተር፣ ልጄ፣ ሳጥን እኔ መሬት ላይ ጮኸ። መሬት ታመመ ወይ?”

“አልታመመም፣ አባባ። የትም ቢወስዱት ይጮኻል። ጨረር ከሰማይም ከአፈርም ይመጣል፤ ድሮም ነበረ።”

እንዳላመኑት ያስታውቅ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ወደ ግቢ አስወጣን። የሬዲዮውን ነገር ትቶታል። “የዚህ ሰውዬ መሬት ጨረር ስላለው አደገኛ ነው ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ልጆችህ ጋ ትሄዳለህ” አለው ዶክተሩን። ያንን መሬት የሚፈልግ ባለሀብት እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌውም ያውቃሉ፤ አንገታቸውን ደፉ።

“ሳልለካ አልፈርምም” አለ ዶክተሩ።

“ለካ እንግዲህ!”

ከሽማግሌው መሬት አንድ ጆንያ አፈር አስመጡ። የመሣሪያው ቁጥር ማሳያ ሲይዙት ተሰብሯል፤ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ዶክተሩ ወደ እኛ ዞረ። “ከመጋዘኑ ወለል ቡና ልቀሙ፤ ጠቅ ባለ ቁጥር አንድ ፍሬ አስቀምጡ። አንድም እንዳያመልጣችሁ።” ሰዓት እንዲይዝ መርማሪውን ራሱን ለመነው።

ሳጥኑ ጆንያው ላይ ሲቀመጥ ተከታትሎ ጮኸ። “ይኸው!” አለ መርማሪው። “ይታገሱ” አለው ዶክተሩ፤ “ዝናብም ሲጀምር ቆርቆሮው ላይ እኩል አይወርድም።” ታገስን። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ቀጥሎ ልክ ለዚያው ያህል ጊዜ ሳጥኑ የግቢው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ሌላ ክምር ጀመርን። ስንጨርስ ሁለቱ ክምሮች ተቀራራቢ ነበሩ። የግቢው ትንሽ ይበልጣል።

የመርማሪው ፊት ተለወጠ። “መንግሥት ግቢ ውስጥ ምን ተቀብሯል ልትል ነው?”

“ምንም። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ደግመን ብንለካ ሊገለበጥ ይችላል። ሁለቱም ቦታ ጤነኛ ነው።”

መርማሪው በጫማው ጫፍ ከግቢው ክምር ጥቂት ፍሬ ወደ ጭቃው በተነ። “አሁንስ?”

ፈርቼለት ነበር፤ ዝም ቢል አልፈርድበትም። ዶክተሩ በርከክ ብሎ ፍሬዎቹን ከጭቃው ለቀመ፣ በሸሚዙ እየጠረገ አንድ በአንድ ወደ ክምሩ መለሳቸው።

“እነዚህም ተሰምተዋል” አለ። “የምፈርመው የተሰማውን ነው።”

ሽማግሌው ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሳጥኑ የጮኸው በእሳቸው መሬት ብቻ እንዳልሆነ በጆሯቸው ሰምተዋል።

የሰማው ብዙ ስለነበር ወሬው ገበያ ደረሰ፤ ሽማግሌውን ፈቷቸው። ዶክተሩን ግን በመኪና ወደ ሚዛን ከተማ ወሰዱት። ሳጥኑን አልመለሱለትም። መኪናው ላይ ሲወጣም ለጥበቃዎቹ የነገራቸው ከዝናብ እንዲያስጠልሉት ነው። እኔም ኋላ ላይ ተፈታሁ፤ እሱን ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እንደ እሱ ያለ ደፋር ሰውም አላየሁም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ዛሬ የቡና እርጥበት የሚለካ ማሽን አለኝ። አንዳንድ ሰው ጠጋ ብሎ “ቁጥሯን እንኳ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ” ይለኛል። ያ በጭቃ የተለወሰ ሸሚዝ ትዝ ይለኛል፤ የተነበበውን እናገራለሁ። ሽማግሌው አርፈዋል። ልጃቸው ዘንድሮም ከዚያችው መሬት የለቀመውን ቡና አምጥቶልኝ ነበር። ማሽኑ አጠገቤ እያለ አንድ ፍሬ ልጬ ነከስኩ። ኮሽ አለ።